መስመሯ ወጣች፤ ታዲያ ምን ይሁን?

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጀመራት። መጀመሪያ ትራሷ ላይ፣ ከዚያ እናቷ ላይ፣ ከዚያ እኔ ላይ። እስኪነጋ አምስት ጊዜ አስመለሳት፤ ጎህ ሲቀድ ደግሞ ተቅማጡ ተከተለ፣ ያውም ውሃ የመሰለ። ልጄ ሁለት ዓመት ከአራት ወሯ ነው። በሰላሙ ቀን ቤቱን የምታተራምሰው ልጅ ትከሻዬ ላይ እንደ ጨርቅ ተለጥፋ ዝም ስትል ሆድ ያባባል።

እኔ ደግሞ ሥራዬ ላብራቶሪ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ሰገራ ስመረምር የምውል ሰው ነኝ (ሙያው ክብር አለው፣ ምሳ ሰዓት ላይ ስለ ሥራዬ አታውሩኝ እንጂ)። እና ጠዋት ላይ ምን አደረግሁ? ሌላ አባት ልጁን አቅፎ ሲቀመጥ እኔ ከዳይፐሯ ላይ ጫር አድርጌ፣ ዕቃ ውስጥ ከትቼ፣ ወደ ሥራ በረርኩ።

ኪቱን፣ ማለትም ፈጣን መመርመሪያውን፣ ከፈትኩ፣ ናሙናውን በጥብጬ ጠብታ አደረግሁበት። ሮታ፣ አዴኖና ኖሮ የሚባሉትን ተቅማጥ የሚያመጡ ቫይረሶች ባንድ ላይ የሚያይ ዓይነት ነው። ልክ ጠብታውን እንዳደረግሁ ግን ለሌላ ጉዳይ ተጠራሁ። ስመለስ ግማሽ ሰዓት አልፎ ነበር። ሮታ የሚለው ቦታ ላይ ቀጭን፣ ደብዛዛ፣ አለች የለችም የምታሰኝ መስመር። አይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ፤ አለች። ደስ አለኝ ብላችሁ ታምናላችሁ? ጠላትን በስሙ ማወቅ የሆነ እፎይታ አለው። ለባለቤቴ «ሮታ ነው!» ብዬ ላክሁላት።

የመለሰችልኝ እንዲህ ነው፦ «እሺ። አሁን ምን ላድርግ?»

ስልኩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ምን ልበላት? ኦ አር ኤስ (በውሃ የሚበጠበጠውን የስኳርና የጨው ዱቄት) በማንኪያ ስጫት ልበል? እሱንማ ከሌሊት ጀምራ እየሰጠች ነው። ሮታን የሚገድል መድኃኒት የለም። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም። እሷ የማታውቀውን ሳይሆን የምታውቀውን ልነግራት ነበር የሮጥኩት።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ይቺ ጥያቄ ናት። ፈጣን መመርመሪያውን የሚያሳንስ ነገር እየጻፍኩ አይደለም፣ እንጀራዬ ነው። ግን ወላጆች በጣም እየጠየቁን ነው፤ «ያንን ፈጣኑን ቴስት ሥሩልኝ» ይላሉ፣ እኛም እንሠራለን፣ ከዚያ መስመር ይወጣል ወይም አይወጣም፣ ከዚያስ?

መጀመሪያ ነገርዬው እንዴት እንደሚሠራ። የእርግዝና መመርመሪያ አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ወንድምና እህት ናቸው። ወረቀት የመሰለው ስስ ነገር ላይ አንቲቦዲ ተለጥፏል፤ አንቲቦዲ ማለት አንድን የቫይረስ አካል ብቻ ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ነው። ለሮታ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው ቪፒ6 የሚባለው የቫይረሱ ሽፋን ፕሮቲን ነው፣ ምክንያቱም ቫይረሱ ውስጥ በብዛት የሚገኘው እሱ ነው። የተበጠበጠው ሰገራ በወረቀቱ ላይ እየሰረገ ሲሄድ በጣም ደቃቅ የወርቅ ብናኝ ወይም ባለቀለም የላቴክስ ብናኝ የተለጠፈባቸው ሌሎች አንቲቦዲዎችን ይዞ ይሄዳል። ቫይረሱ ካለ ብናኙና ቫይረሱ ተያይዘው መስመሩ ላይ ይጠመዳሉ። እየተከማቹ ሲሄዱ ለዐይን ይታያሉ። ያ ነው ቀይዋ መስመር። ማሽን የለ፣ መብራት የለ፣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፣ ግን ታሪኩን ሳስበው ይደንቀኛል። እስከ 1973 ድረስ ሕፃናትን ሆስፒታል የሚያስገባው የአብዛኛው ተቅማጥ መንስኤ አይታወቅም ነበር። በዚያ ዓመት ሜልቦርን ውስጥ ሩት ቢሾፕና ባልደረቦቿ ከታመሙ ሕፃናት ትንሹ አንጀት የተወሰደ ቅንጣት ሥጋ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩ መንኮራኩር የመሰሉ ነገሮች ሞልተውት አገኙ። ሮታ ማለት በላቲን መንኮራኩር ነው፣ ስሙ የወጣው ከዚያ ነው። ያኔ ክፍል የሚሞላ ማሽንና የአንጀት ቁራጭ ይፈልግ የነበረው ነገር ዛሬ በመዳፍ የሚያዝ ፕላስቲክ ሆኗል። ቫይረሱም ራሱ አግዞናል፤ በሮታ የታመመ ልጅ አንድ ግራም ሰገራ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ቫይረስ ሊኖር ይችላል። ለዚህ ነው ይህ ቴስት ለሮታ ጥሩ የሚሆነው፣ የሚፈለገው ነገር ተትረፍርፎ ስላለ።

ወደ ኃጢአቴ ልመለስ።

አንደኛው ዳይፐሩ። ዳይፐር የተሠራው ፈሳሽ እንዲመጥ ነው። እንደ ውሃ የሆነውን ተቅማጥ ውጦት እላዩ ላይ የሚቀረው ልፋጩ ነው፣ ሽንትም ይቀላቀልበታል። ለወላጆች ሁሌ የምንለው «ዳይፐሩን ገልብጣችሁ የማይመጠውን የፕላስቲክ ጎን ወደ ውስጥ አድርጉ፣ ወይም ንጹሕ ፌስታል አንጥፉበት» ነው። ስንት ጊዜ ብያለሁ! ለራሴ ልጅ ሲሆን ረሳሁት።

ሁለተኛው ሰዓቱ። ይኼኛው ይብሳል። እያንዳንዱ ኪት በስንት ደቂቃ እንደሚነበብ ተጽፎበታል። ከዚያ ካለፈ ወረቀቱ እየደረቀ ሲሄድ ጥላ የመሰለ መስመር ሊያወጣ ይችላል፣ ቫይረስ ሳይኖር። በሰዓቱ የተነበበች ደብዛዛ መስመር ፖዘቲቭ ናት፣ ደብዛዛ ብትሆንም። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ የተገኘች ደብዛዛ መስመር ግን ምንም አይደለችም። እኔ ቤቴ ድረስ ያበሰርኩት ያችን ምንም ነው። አዲስ ሠራተኛ ይህን ቢያደርግ ምን እንደምለው አውቃለሁ፣ እዚህ አልጽፈውም።

ሌሎችም አሉ፣ ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ሰገራ ሲበዛ ይሻላል ብለው አጭቀው የሚያደርጉ አሉ፤ ወፍራም ከሆነ አይሰርግም፣ ወረቀቱን ይዘጋዋል። የመቆጣጠሪያዋ መስመር (ኪቱ በትክክል መሥራቱን የምታሳየው) ካልወጣች ውጤቱ ኔጌቲቭ ሳይሆን ውድቅ ነው፣ እንደገና ይሠራል። ናሙናው ቶሎ ካልተመረመረ ፍሪጅ ይግባ። ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢወሰድ ይመረጣል፣ ቀኑ በገፋ ቁጥር ቫይረሱ እየሳሳ ይሄዳል።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ በደንብ የተወሰደ ናሙና ላከችልኝ (ከነምሬቷ)። ሠራሁት፣ ሰዓት ሞልቼ አጠገቡ ቆምኩ። ሮታ የለም። አዴኖ የለም። ኖሮም የለም። የመቆጣጠሪያዋ መስመር ግን ደምቃ ወጥታለች። ስለዚህ ጠዋት ያልኩትን «ሮታ ነው» ማንሳት ነበረብኝ። «አይደለም መሰለኝ» ብዬ ጻፍኩ። የመለሰችልኝን አልነግራችሁም።

ታዲያ ልጄ ቫይረስ የላትም ማለት ነው? እዚህ ጋ ቆም እንበል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ባንድ ፕላስቲክ ላይ ሦስት መስመር ጎን ለጎን ስታዩ ሦስቱም እኩል የሚታመኑ ይመስላል። አይደሉም። የሮታው ጎበዝ ነው። የኖሮው ደካማ ነው። ኖሮ ቫይረስ ዝርያው ብዙ ነው፣ እየተለዋወጠም ይሄዳል፤ አንቲቦዲው የተሠራው ለአንዱ መልክ ከሆነ ሌላውን ላያውቀው ይችላል። ደግሞ ሰገራው ውስጥ በብዛት ካልተገኘ መስመሩ አይወጣም። ስለዚህ የኖሮ መስመር በሰዓቷ ከወጣች ብዙውን ጊዜ እውነቷን ነው፤ ካልወጣች ግን ኖሮ የለም ማለት አትችሉም። የአንዱ ቴስት «የለም» ከሌላው ቴስት «የለም» ጋር አንድ አይደለም። አስትሮ እና ሳፖ የሚባሉ ቫይረሶች ደግሞ አሉ፣ ብዙ ኪቶች ጭራሽ አይፈልጓቸውም። ካልፈለጉት ነገር አይገኝም።

በተገላቢጦሽ ደግሞ መስመሯ ወጥታ፣ ቫይረሱም እውነትም ሰገራው ውስጥ እያለ፣ ልጁን ያመመው እሱ ላይሆን ይችላል። አንድ ጊዜ የሁለት ወር ሕፃን ትንሽ አስቀምጦት መጣ፣ የሮታ መስመር ወጣ። እናትየው ደነገጠች። ስንጠይቅ ከጥቂት ቀናት በፊት የመጀመሪያውን የሮታ ክትባት ወስዷል። ክትባቱ በአፍ የሚሰጥ፣ የተዳከመ ግን ሕይወት ያለው ቫይረስ ነው፤ አንጀት ውስጥ ትንሽ ተራብቶ በሰገራ ይወጣል፣ በተለይ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ። መስመሩ የክትባቱንና የበሽታውን ቫይረስ አይለይም። ስለዚህ ጨቅላ ስታስመረምሩ «በቅርቡ ተከትቧል» በሉ። ማንም ካልጠየቃችሁም ንገሩ።

ወቅቱም ይወስናል። ይህን ለማስረዳት ቁጥር ልጠቀም፣ ለምሳሌ ብቻ ነው። አንድ ቴስት ካለባቸው 100 ልጆች 95ቱን ያገኛል፣ ከሌለባቸው 100 ደግሞ 95ቱን በትክክል የለም ይላል እንበል። አሪፍ ቴስት ነው። ሮታ በሚበዛበት ወቅት ተቅማጥ ያለባቸው 1000 ልጆች መጡ፣ 400ው ሮታ አለባቸው እንበል። ቴስቱ 380ውን ይይዛል፣ ከቀሩት 600 ደግሞ 30ውን በስህተት ፖዘቲቭ ይላል። ከ410 ፖዘቲቭ 380ው እውነት፣ በጣም ጥሩ። አሁን ሮታ በጠፋበት ወቅት ከ1000ው 20ው ብቻ አለባቸው እንበል። 19ኙን ይይዛል፣ ከ980ው ደግሞ 49ኙን በስህተት ይጠራል። 68 ፖዘቲቭ፣ እውነቱ 19 ብቻ! ያው ኪት፣ ያው ባለሙያ፣ ያው ካርቶን። የተለወጠው በዙሪያው ምን ያህል በሽታ እንዳለ ብቻ ነው። ይህን ስሌት መጀመሪያ የሠራሁ ቀን ወንበሬ ላይ ትንሽ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ።

«ታዲያ ለምን በፒሲአር አትሠሩትም?» ትሉኝ ይሆናል። ፒሲአር የቫይረሱን የዘር ቅንጣት አባዝቶ የሚያይ ምርመራ ስለሆነ በጣም ጥቂት ቫይረስም ያገኛል፤ አንድ ሰዓት ገደማ ወስደው ከሃያ በላይ ተሕዋስያንን ባንድ ጊዜ የሚፈልጉ ማሽኖችም አሉ። ግን ሲበዛ ማየትም የራሱ ጣጣ አለው። በ2013 ውጤቱ የወጣ ጌምስ የሚባል ትልቅ ጥናት አለ፣ በአፍሪካና በደቡብ እስያ በ7 አገሮች የተሠራ። ከመካከለኛ እስከ ከባድ ተቅማጥ የያዛቸውን ሕፃናት ከጤነኛ ጎረቤቶቻቸው ጋር አነጻጸረ። ከታመሙት ከ100ው 83ቱ ሰገራ ውስጥ ቢያንስ አንድ በሽታ አምጪ ተገኘ። ጤነኞቹስ? ከ100ው 72ቱ! ቤታቸው የሚጫወቱ፣ ምንም ያልሆኑ ልጆች። ስለዚህ «ተገኘ» እና «ያመመው እሱ ነው» ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። በዚያው ጥናት በብዙ ቦታ በሕፃናት ላይ ዋናው አሳማሚ ሆኖ የወጣው ግን ሮታ ነበር፣ ይህንንም መርሳት የለብንም።

መመርመሩ በጣም የሚጠቅምበት ቦታ የለም እያልኩ አይደለም፣ አለ። ሆስፒታል ውስጥ ለምሳሌ። ባንድ ክፍል ስድስት ሕፃናት ተኝተው አንዱ ተቅማጥ ቢጀምረው፣ በ15 ደቂቃ ውስጥ ሮታ መሆኑን ማወቅ ቀሪዎቹን አምስት ሊያድን ይችላል፤ ልጁ ይለያል፣ ነርሷ ጓንት ትቀይራለች፣ አልጋው ይታጠባል። ሕፃናት ማቆያ ውስጥ አሥር ልጅ ባንድ ሳምንት ሲታመምም እንዲሁ። የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ልጆችም ጉዳያቸው ሌላ ነው። ደግሞ ሐኪሙ አንቲባዮቲክ ልጻፍ አልጻፍ እያለ ሲያመነታ፣ ወላጅም «መድኃኒት ሳትሰጡኝ አልሄድም» ብሎ ሲቆም፣ ያቺ መስመር የማያስፈልግ መድኃኒት ታስቀራለች። ይህን በዐይኔ አይቻለሁ፤ አባት ከእኛ ምክር ይልቅ ፕላስቲኳን አመነ። እሺ፣ ይሁን። ግን ቤቱ የሚጫወት፣ የሚጠጣ፣ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ለሁለት ቀን የያዘው ጤነኛ ልጅ? ምርመራ አያስፈልገውም፣ የሕክምና መመሪያዎቹም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም ነው የሚሉት። ሰገራው ላይ ደም ካለ ግን ሌላ ወሬ ነው፤ ያኔ የሚፈለገው ባክቴሪያ ነው፣ የቫይረስ መስመሩ ብቻውን አይበቃም።

እኔን የሚያስፈራኝ መስመሯ ወላጅን ስታዘናጋ ነው። «ቫይረስ ነው አሉኝ፣ ያልፋል» ብሎ ልጁን ይዞ የሚሄድ ሰው አለ። ቫይረሱ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን መስመሯ ልጁ ምን ያህል እንደደረቀ አትነግራችሁም። ስታለቅስ እንባ አለ? አፏ ውስጥ እርጥብ ነው? ለስድስት ሰባት ሰዓት ሽንት አልሸናችም? ዐይኗ ጎድጉዷል? የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋችሁ ስትለቁት ቶሎ ይመለሳል ወይስ ያዘግማል? ስትጠሯት ትዞራለች ወይስ ትነጫነጫለች፣ ትፈዛለች? ይህን የሚያነብ ፕላስቲክ የለም፣ የሚያነበው ሰው ነው። ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ፣ ተቅማጥ ሳይኖር ትውከቱ ብቻ ከቀጠለ፣ ወይም ሕፃኑ በየተወሰነ ጊዜው እግሩን ወደ ሆዱ እየሰበሰበ ከጮኸና ከዚያ ዝም ካለ መስመሯ ምንም ትበል፣ ሐኪም ጋ ሩጡ። አንጀት ወደ ራሱ ሲገባ እንዲህ ያደርጋል፤ እሱ ደግሞ ሰዓት አይሰጥም።

ኦ አር ኤሱን ስለማሳነስ ደግሞ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም እኔም አሳንሼው ነበር። ውስጡ ያለው ስኳር ለጣዕም አይደለም። አንጀት ስኳርና ጨውን አብሮ ያስገባል፣ ውሃ ደግሞ እነሱን ተከትሎ ይገባል። አንጀቱ በቫይረስ ቢጎዳም ይህ በር ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ለዚህ ነው ባዶ ውሃ የማይተካው፣ ለስላሳም የማይተካው። በፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ ልክ ይበጥበጥ፣ አይቅጠን አይወፍር። ልጁ ካስመለሰ አሥር ደቂቃ ጠብቆ በማንኪያ፣ በየአንድ ሁለት ደቂቃው፣ በትዕግሥት። በኩባያ ከሰጣችሁት መልሶ ልብሳችሁ ላይ ነው። ዕድሜው ከሁለት ዓመት በታች ከሆነ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ከሆነ እጥፉን። ጡት የሚጠባ ጡቱ አይቋረጥበት። የዓለም ጤና ድርጅት ተቅማጥ ለያዛቸው ልጆች ዚንክም ከ10 እስከ 14 ቀን ይመክራል። ተቅማጥ የሚያስቆም የአዋቂ ክኒን ደግሞ ለልጅ አትስጡ። በቃ።

በሦስተኛው ቀን አለቃዬ እየሳቀ የልጄን ናሙና ከሌሎች ጋር በፒሲአር ዙር ውስጥ አስገባልኝ። ውጤቱ ኖሮ ቫይረስ ሆነ። ፈጣኑ ቴስት ሳያየው ያለፈው እሱን ነው። ውጤቱ ሲደርሰኝ ልጄ ሶፋ ላይ እየዘለለች ነበር፤ ኖሮ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ነው የሚቆየው።

ዘግይቶም ቢሆን ግን አንድ ነገር አስተካከለልኝ። በር ላይ ያስቀመጥነውን አልኮል ያለበትን የእጅ ማጽጃ አምነን ነበር። ኖሮ አልኮል ብዙም አያስደነግጠውም፣ ሳሙናና ውሃ ይሻላል፣ የተተፋበት ቦታ ደግሞ በበረኪና። ጥቂት፣ ከመቶ ያነሱ ቅንጣቶች ሰውን ለማሳመም ሊበቁት ይችላሉ። ልጁ ከዳነ በኋላም ለሳምንታት በሰገራው ይወጣል። ማቆያ ልንወስዳት ተዘጋጅተን ነበር፣ ተቅማጡና ትውከቱ ካቆመ 48 ሰዓት እስኪሞላ ቤት አስቀረናት። እውነቱን ለመናገር ይህን ሁሉ ያለ ውጤትም ማድረግ እንችል ነበር። ግን ሰው ስም ሲሰማ ይጠነቀቃል፣ እኔ ራሴ እንዲያ ነኝ።

ለታላቅ ወንድሟ ግን ዘግይተን ነበር። በአራተኛው ሌሊት የእሱን ሳል የመሰለ ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ባለቤቴ መብራት አብርታ አየችኝ።

«የናሙና ዕቃህን ላምጣልህ?»

«ማንኪያውን አምጪ» አልኳት።